የእሳተ ገሞራ ደሴት ለማየት፦ ከወሎ ለሚነሳ ሰው ሬዩኒዮን፣ ኮሞሮስ፣ ሞሪሸስ ወይስ ኖሲ ቤ?

ስልክ ላይ የሚዞረው የደሴት ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። አረንጓዴ ተራራ፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ። "እሳተ ገሞራ ያለበት ደሴት ማየት እፈልጋለሁ" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ቶሎ የሚሰጠው መልስ ዛንዚባር ወይም ሲሸልስ ነው። ሁለቱም ያምራሉ። ግን ዛንዚባር የኮራል ድንጋይ ናት። የሲሸልስ ትልቋ ደሴት ማሄ ደግሞ ግራናይት ናት። ማልዲቭስም ኮራል ነው፤ እዚያ ኮረብታ የሚባል ነገር እንኳ የለም። ባሕር ዳር ተቀምጦ ማረፍ ለሚፈልግ ሦስቱም ይሆናሉ። እሳት የወለደውን መሬት ማየት ለሚፈልግ ግን አይሆኑም።

ከእኛ ብዙ ሳይርቁ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ በእርግጥ ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ አራት ደሴቶች አሉ። ሬዩኒዮን፣ ግራንድ ኮሞር (የኮሞሮስ ትልቋ ደሴት)፣ ሞሪሸስና ኖሲ ቤ። የማወዳድረው እነዚህን ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

የወሎ ሰው ተራራ አልቸገረውም። ጠዋት ማታ ጦሳን እያየ ያደገ፣ አቡነ ዮሴፍን የሚያህል 4,260 ሜትር ተራራ ላስታ ላይ ያለው ሰው፣ ሌላ ጋራ ለማየት ብቻ ያን ሁሉ ብር ማውጣት የለበትም። የምንኖርበት ደጋ ራሱ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ቀይ ድንጋይም ዘሩ ከዚያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያዬ ይህ ነው፦ ደሴቱ ላይ ያለው እሳት ዛሬም ሕያው ነው ወይ? ትናንት የፈሰሰ ጥቁር ላቫ ከባሕር ጋር ሲገናኝ ማየት ይቻላል ወይ? ይህ እኛ ጋ የለም።

ሁለተኛው ቪዛ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚሄድ ሰው አንዳንዴ ከትኬቱም በላይ ጉዞውን የሚወስነው እሱ ነው። ሦስተኛው በረራው፣ አራተኛው ጉልበት፣ አምስተኛው ምግብና ጸሎት ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቤት የሚበላበት አገር ስለሆነ፣ ሐላሉንም ጾሙንም አንድ ላይ አይቻለሁ። ወጪው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ በብር አልጽፍላችሁም። የትኛው ከየትኛው እንደሚረክስ ግን እነግራችኋለሁ።

ወቅቱን ሳትወስኑ ደሴቱን አትምረጡ

እነዚህ ደሴቶች ከምድር ወገብ በታች ናቸው። የእኛ ክረምት የእነሱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው። የእኛ በጋ ደግሞ የእነሱ ዝናብና አውሎ ነፋስ ነው። ለገናና ለጥምቀት እረፍት ብሎ የሚሄድ ሰው በትክክል በሳይክሎኑ ወር ይደርሳል። ሳይክሎን ቺዶ ከኮሞሮስ አጠገብ ያለችውን ማዮት ደሴት የመታው በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ነው። ጋራንስ የሚባለው ደግሞ በዚያው ዓመት በየካቲት ሬዩኒዮንን መታ።

ለመምህራንና ለተማሪ ወላጆች ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ጭጋግና ጭቃ ሲሆን እዚያ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩም በአብዛኛው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። ነሐሴ 1 የፍልሰታ ጾም ይገባል። ጿሚ ከሆናችሁ ስለ ምግብ የምጽፈውን ሳትዘሉ አንብቡት።

ሬዩኒዮን፦ እሳቱን ለሚፈልግ

በተፈጥሮ ውበት ከአራቱ የሚወዳደራት የለም። ይህን ለመናገር አላመነታም።

ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ የሚባለው እሳተ ገሞራዋ በዓለም ላይ ቶሎ ቶሎ ከሚፈነዱት አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ በየዓመቱ ይፈሳል። አንዳንዴ ግን ዓመት ከዚያም በላይ ዝም ይላል። ስለዚህ ላቫ ሲፈስ ማየት ዕድል ነው፤ ማንም ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። ሲፈነዳም አደጋው ብዙውን ጊዜ ሰው ከሚኖርበት ይርቃል፤ እሳቱ የሚወጣው ሰው በማይኖርበት ትልቅ ጎድጓዳ ሜዳ ውስጥ ነው። ፍንዳታ ሲጀምር ሜዳው ለእግረኛ ይዘጋል፣ ሰውም ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ያያል።

ባይፈነዳስ? ያኔም የሚታየው ብዙ ነው። መኪናው ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ላም የሚግጥበት አረንጓዴ ሜዳ ነው። ከዚያ ድንገት ሣሩ ያልቅና ፕሌን ደ ሳብል የሚባል ቡናማና ቀይ ጠጠር የተነጠፈበት ባዶ ሜዳ ይመጣል። መንገዱ የሚያልቀው 2,311 ሜትር ላይ፣ ፓ ደ ቤልኮምብ አፋፍ ነው። ከአፋፉ በደረጃ ወርዶ በረጋው ላቫ ላይ ይሄዳሉ። ድንጋዩ አንዳንድ ቦታ እንደ ገመድ ተጠማዟል፣ ሌላ ቦታ እንደ ተሰበረ ጡብ ነው። ጭጋግ ሲወርድ መንገድ እንዳይጠፋ ድንጋዮቹ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ከሱ አትውጡ። ደመናው ረፋድ ላይ ስለሚሸፍነው ጎህ ሲቀድ መድረስ ያስፈልጋል። ሐምሌ ላይ እዚያ ሌሊቱ ውርጭ ነው። "ትሮፒካል ደሴት" ብላችሁ በሸሚዝ ብቻ እንዳትሄዱ።

ለደሴ ሰው አንድ የምሥራች አለ። ይህ አፋፍ ከደሴ ከተማ ዝቅ ይላል። ትንፋሽ አያሳጥርም፤ የሚያደክመው መንገዱ ነው።

በምሥራቁ ዳርቻ መንገዱ ከተራራው እስከ ባሕር የወረዱትን የላቫ ፍሳሾች እያቋረጠ ያልፋል። ፒቶን ሴንት ሮዝ በሚባለው መንደር በ1977 እ.ኤ.አ. የፈሰሰው ላቫ ቤቶችን ጠርጎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ለሁለት ተከፍሎም በጎንና በጎን አለፈ። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም በጥቁር አለት ተከቦ ቆሟል። ስሙም የላቫዋ እመቤታችን ተብሏል። የእኛ አገር ሰው ይህን ቦታ ሳያይ መመለስ የለበትም።

ሌላው ማፋት ነው። በገደል የተከበበ፣ መኪና የማይገባበት ጎድጓዳ ምድር። መንደሮቹ የሚደረሱት በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ብቻ ነው። በባርነት ዘመን ያመለጡ ሰዎች የተሸሸጉት እዚያ ነበር። ከላሊበላ አሸተን ማርያም በእግሩ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ለማፋት የአንድ ቀን ጉዞ ጉልበት አለው። ማደር ከፈለጋችሁ ግን ቀድማችሁ ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ የደሴቷም ትምህርት ቤት እረፍት ስለሆነ ማደሪያው ቶሎ ይሞላል። ማፋት፣ ሲላኦስና ሳላዚ የሚባሉት ሦስቱ ጎድጓዳ ሸለቆዎች ከነጫፎቻቸው በ2010 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

ምግቡ ሩዝ፣ ወጥና ጥራጥሬ ነው። የሲላኦስ ምስር የታወቀ ነው፤ ለጿሚ መድኃኒት። ሐላል የሚፈልግም አይቸገርም፤ ዋና ከተማዋ ሴንት ዴኒ ውስጥ ከ1905 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ መስጊድ አለ። ቡናም አላቸው። በ1715 እ.ኤ.አ. ከየመን ሞካ የተወሰደ የቡና ችግኝ እዚያ ተተክሎ ነው "ቡርቦን" የሚባለው ዝርያ በዓለም የተሰራጨው። ደሴቷ ያኔ ስሟ ቡርቦን ነበር። የኛው ቡና ልጅ ነውና ቀምሳችሁ ፍረዱ።

አሁን ወደ ችግሩ። ሬዩኒዮን የፈረንሳይ ግዛት ናት። ቪዛ የሚጠየቀው ከፈረንሳይ ኤምባሲ ነው። ተራ የሸንገን ቪዛ አይበቃም፤ ቪዛው ላይ ለሬዩኒዮን እንደሚሠራ መጻፍ አለበት። ይህን ሳያውቅ ትኬት የቆረጠ ሰው ከኤርፖርት ይመለሳል። ገንዘቡ ዩሮ ነው፣ ዋጋውም የአውሮፓ ነው። ባሕሩም እንደ ልብ አያስዋኝም። በሻርክ ምክንያት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኮራል ከለላው ውስጥና ጥበቃ ካለበት ቦታ ውጭ መዋኘት የተከለከለ ነው። ምዕራብ በኩል ያለው የኤርሚታዥ ሐይቅ መሰል ባሕር ግን ለልጅም ይሆናል።

ግራንድ ኮሞር፦ ቪዛና ብር ለሚያሳስበው

ብዙ ሰው አያስባትም። እኔ ግን ከወሎ ለሚነሳ ሰው በጣም የምትቀርብ እሷ ናት እላለሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋና ከተማዋ ሞሮኒ ይበራል። ቪዛ ሲደርሱ ኤርፖርት ላይ ይሰጣል፤ ቢሆንም ከመሳፈር በፊት አየር መንገዱን ጠይቁ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነው። ምግቡ ሐላል ነው፣ ጸሎት ለመድረስም የትም ሆናችሁ መስጊድ ቅርብ ነው። ዓረብኛ ከመንግሥት ቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ዓረብ አገር ሠርተው የመጡ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በሱ አንዳንድ ቦታ ይግባባሉ። መንደር ውስጥ የሚነገረው ግን የስዋሂሊ ዘመድ የሆነው ኮሞርኛ ነው። ቢሮና ሆቴል ውስጥ ፈረንሳይኛ ይበዛል።

እሳተ ገሞራዋ ካርታላ ይባላል። ቁመቱ 2,361 ሜትር ነው። አናቱ ላይ ያለው ጎድጓዳ ወደ ሦስት በአራት ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ሕያው ከሆኑት መካከል በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት ነው። ካርታላ ሕያው ነው። በ2005፣ በ2006 እና በ2007 እ.ኤ.አ. ፈንድቷል። ከፍታው ከደሴ ባይበልጥም መውጣቱ ቀላል አይደለም፤ መነሻው ዝቅ ያለና እርጥበት ያለበት ስለሆነ ያልባል። አብዛኛው ሰው ላይ ድንኳን ጥሎ ያድራል። መሪ ሳይዙ አይወጣም።

ውሃ ተሸክማችሁ ውጡ። ደሴቷ ላይ ቋሚ ወንዝ የለም። አለቱ ገና አዲስና ቀዳዳ ስለሆነ ዝናቡን ይጠጣዋል። ሰው የሚጠጣው ጣሪያ ላይ ወርዶ በጋን የተጠራቀመ ዝናብ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ካርታላ አመድ ሲተፋ የተበላሸባቸውም ይኸው ውሃ ነበር። ቦርከናን እያየ ላደገ ሰው ያን ሁሉ ዝናብ የሚቀበል ደሴት ያለ ወንዝ ሲቀር ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ጥቁር ላቫ ከነጭ አሸዋ ጋር የሚገናኝበትን ቾሞኒን እዩ። በሰሜን የጨው ሐይቅ የሚባል በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ አለ። ሚትሳሚውሊም እዚያው በኩል ናት። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የወደቀው በዚህች ከተማ ዳርቻ ባሕር ላይ ነው። ከ175 ሰው 125ቱ አለቁ። የዳኑትን ከውሃ ለማውጣት ከተረባረቡት መካከል የአካባቢው ሰዎችና እዚያ የነበሩ እንግዶች ይገኙበታል። ኢትዮጵያዊ እዚያ ሲደርስ ቆም ብሎ ያስባቸው።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። መንገዱ ብዙ ቦታ ተሰባብሯል። መብራት ይጠፋል። ካርድ የሚቀበል ቤት ጥቂት ስለሆነ ጥሬ ዩሮ ያዙ። ወባ አለ። ሴቶችም ወንዶችም ጨዋ ልብስ ይልበሱ፤ ለወሎ ሰው ይህ አይከብድም። ለጾም ዓሣ የማይበላ ሰው ሩዝ፣ ሙዝ፣ ካሳቫና ኮኮናት ያገኛል። ስጋና ዓሣ እንዳይገባበት ግን በየጊዜው መጠየቅ ይኖርበታል።

ሞሪሸስ፦ ለቤተሰብና ለእረፍት

ሞሪሸስ የሬዩኒዮን ታላቅ እህት ናት። ሁለቱን የወለደው ከባሕር በታች ያለ አንድ የእሳት ምንጭ ነው። እሷ ቀድማ ስለተወለደች እሳቷ ጠፍቷል። በሰው ታሪክ የታየ ፍንዳታ የለም። ተራሮቿም አጥረዋል፤ ትልቁ 828 ሜትር ብቻ ነው። እሳት ፍለጋ የሚሄድ ሰው ያዝንባታል።

የሚታይ ግን አላት። ለ ሞርን የሚባለው 556 ሜትር ቋጥኝ ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብሎ ይነሳል። ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የተሸሸጉበት ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኗል። ሻማሬል ላይ ባለብዙ ቀለም አፈር አለ። የድሮ ላቫ በስብሶ ነው ቀይ፣ ሐምራዊና ቢጫ የሆነው። ግራን ባሳን የሚባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ደግሞ ለሂንዱዎች ቅዱስ ነው።

ለጿሚ ከአራቱ አንደኛዋ እሷ ናት። ብዙው ሕዝብ የሕንድ ዘር ስለሆነ ስጋ የሌለበት ምግብ የትም አለ። መንገድ ዳር ዶል ፑሪ ይሸጣል። የተፈጨ የአተር ክክ ውስጡ ያለ ስስ ቂጣ ነው። ሁለት ሁለቱን ደርበው በባቄላ ወጥና በቲማቲም ስልስ ይቀቡትና በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧችኋል። ቅቤ አለመግባቱን ብቻ ጠይቁ። ሐላልም በሽበሽ ነው። እንግሊዝኛ ይሠራል፣ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ወባ የለም። ለመዋኘትም ከሬዩኒዮን ይሻላል። በናይሮቢ ወይም በዱባይ በኩል ይደረሳል። ከዚያ ሬዩኒዮን በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ቪዛውን ያገኘ ሰው ሁለቱን ቢያጣምር አይቆጨውም።

ኖሲ ቤ፦ በአጭሩ

የማዳጋስካር ደሴት ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበርባታል፣ ቪዛውም አያስቸግርም። እሳቷ የጠፋ ነው። በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ሐይቆቿን ከሞን ፓሶ ኮረብታ ላይ ሆኖ ጀምበር ስትጠልቅ ማየት ያስደስታል። ሐይቆቹ ቅዱስ ናቸው ተብለው ይከበራሉ፣ አዞም አለባቸው፤ አይዋኝባቸውም። ሎኮቤ ጫካ ውስጥ ሌመር የሚባለው እንስሳ አለ። ዋናና እንስሳ ለሚወድ ትመቻለች። ለእሳተ ገሞራ ብቻ ከሆነ ግን እኔ ኮሞሮስን እመርጣለሁ። ወባ እዚህም አለ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| መለኪያ | ሬዩኒዮን | ግራንድ ኮሞር | ሞሪሸስ | ኖሲ ቤ |
|---|---|---|---|---|
| እሳቱ | በጣም ሕያው | ሕያው | የጠፋ | የጠፋ |
| ቪዛ | ከባድ፣ በኤምባሲ | ሲደርሱ | ቀድሞ ይጣራ | ቀላል |
| በረራ | በሞሪሸስ በኩል ይቻላል | በኢትዮጵያ አየር መንገድ | በናይሮቢ ወይም በዱባይ | በኢትዮጵያ አየር መንገድ |
| ጉልበት | ከመካከለኛ እስከ ከባድ | ከባድ (ካርታላ) | ቀላል | ቀላል |
| ዋና | በተከለለ ቦታ ብቻ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ |
| የጾም ምግብ | ጥሩ | እየጠየቁ | በጣም ጥሩ | እየጠየቁ |
| ሐላል | አለ | ሁሉም | በብዛት | እየጠየቁ |
| ወባ | የለም | አለ | የለም | አለ |
| ወጪ | ከሁሉም ውድ | ዝቅተኛ | መካከለኛና ከዚያ በላይ | መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ወጣት ከሆናችሁ፣ ጉልበት ካላችሁ፣ ገንዘቡ ግን ውስን ከሆነ፦ ግራንድ ኮሞር። ካርታላን ውጡ፣ የቀረውን ጊዜ ባሕር ዳር አሳልፉ።

የባንክ ደብተራችሁ፣ የሥራ ደብዳቤያችሁና ንግድ ፈቃዳችሁ የተሟላ ከሆነ ሬዩኒዮንን ሞክሩ። ፎቶ ለሚያነሳና ጂኦሎጂ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

እናትና አባታችሁን ወይም ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሞሪሸስ ሂዱ። ለጫጉላም እንዲሁ። ጉልበት የሚያማቸውን ትልቅ ሰው ካርታላ ሥር ወስዶ "ቆዩኝ" ማለት ግፍ ነው።

ብሩ ለአንዱም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ከኛ ሩቅ አይደለም። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ ወደ ሰመራ የሚወስደው መንገድ ወደ ኤርታ አሌም ያደርሳል። ደሴት አይደለም፣ ሙቀቱም ከባድ ነው። የላቫ ሐይቁ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሚታወቅ ነው፤ መልኩና መጠኑ እየተለዋወጠ ኖሯል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤቱ ሐይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ሕንድ ድረስ ሄዷል። ወቅቱ ከደሴቶቹ ተቃራኒ ነው፤ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ይሻላል። ያለ መሪና ያለ አካባቢው ፈቃድ አይሞከርም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታና የእሳተ ገሞራውን ሁኔታ ሰመራ ላይ ጠይቁ።

ከመነሳት በፊት

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ ሬዩኒዮን፣ ሞሪሸስና ማዳጋስካር ይጠይቃሉ፤ ለኮሞሮስም በእጃችሁ ይኑር። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን መቅደም አለበት። ወባ ወዳለበት ለሚሄድ ሰው መከላከያ መድኃኒቱን ሐኪም ያዝለት። ሬዩኒዮን ወባ ባይኖርም ቺኩንጉንያ የሚባል በሽታ የሚያስተላልፍ ትንኝ አለ፤ ቅባት አትርሱ።

ፓስፖርታችሁ ከመመለሻው ቀን በኋላ ስድስት ወር ይቅረው። የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ለመጠየቅ ቪዛና ትኬት ይጠየቃል። ቪዛ ሲደርሱ በሚሰጥበት አገር ባንኩ ምን ማስረጃ እንደሚቀበል ቀድማችሁ ጠይቁ። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የምትበሩ ከሆነ ከዓለም አቀፉ በረራ አንድ ቀን ቅደሙ። ክረምት ላይ ጭጋግ በረራ ሊያዘገይ ይችላል፣ በመኪና ለሚሄድም መንገዱ አይታመንም። ጫማው ደግሞ አዲስ አይሁን። የላቫ ድንጋይ ስለት ነው፣ ስስ ሶል በአንድ ቀን ይጨርሳል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ግዙና ጦሳ ላይ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ወጥታችሁበት አለማምዱት።